ምዕራፍ ስድስት፦ በድርሰት መመራመር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1830 በሰሜን አይስላንድ አግነስ ማግኑስዶቲር የተባለች የቤት ሠራተኛ አንገቷ በመጥረቢያ ተቀላ። ክሱ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት በተፈጸመ የሁለት ሰዎች ግድያ እጇ አለበት የሚል ነበር። ፍሪድሪክ ሲጉርድሶን የተባለ ወጣትም አብሯት ተገደለ። ከእነሱ ወዲህ በአይስላንድ በሞት የተቀጣ ሰው የለም። የችሎቱ መዝገብ፣ ባለሥልጣናት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎችና የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ዛሬም ተጠብቀዋል። በወረቀቶቹ ላይ አግነስ ተከሳሽ ናት፣ ኃጢአተኛ ናት፣ እስረኛ ናት። ማታ ማታ ምን ታስብ እንደነበር ግን ችሎት አይጠይቅም፤ ጸሐፊም አይመዘግብም።

ከ170 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሐና ኬንት የተባለች የ17 ዓመት አውስትራሊያዊት በተማሪዎች ልውውጥ ወደ አይስላንድ ሄደች። ታሪኩን እዚያው ሰማችው፤ ሰምታም መተው አልቻለችም። ወደ አገሯ ተመልሳ በአደላይድ ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ስትጀምር ርዕሷ ይህችው ሴት ሆነች። የጥናቷ ዋና አካል ልቦለድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 «በሪያል ራይትስ» በሚል ርዕስ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

ይህ መጽሐፍ የተጻፈበትን መንገድ ልብ ብለን ብናየው የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ ከሞላ ጎደል እናገኘዋለን። የታሪክ ምሁር በአግነስ ጉዳይ እስከ መዝገቡ ጫፍ ይሄድና ይቆማል፤ ሙያው ከዚያ አልፎ እንዲሄድ አይፈቅድለትም። መዝገብ ያላገላበጠ ልቦለድ ጸሐፊ ደግሞ እንደ ልቡ ይፈጥራል። ኬንት በሁለቱ መካከል ሄደች። ሰነድ ያረጋገጠውን ጠበቀች፤ ሰነዶቹ በተጋጩበት ቦታ ሁሉንም መርምራ መረጠች፤ ሰነድ ዝም ባለበት ደግሞ የዚያ ዘመን የገጠር ሴት ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር አጥንታ፣ በዚያ ወሰን ውስጥ በምናብ ሞላች። ለአሠራሩም «ግምታዊ የሕይወት ታሪክ» የሚል ስያሜ ተጠቀመች። የመጽሐፉ ምዕራፎች በዘመኑ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ይከፈታሉ። ከዚያ ትረካው አንዴ በውጭ ተራኪ፣ አንዴ በአግነስ በራሷ አንደበት ይቀጥላል። አንባቢ የመንግሥቱን ቋንቋና የሴትዮዋን ቋንቋ ጎን ለጎን ያነባል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ራሱ ይለካዋል። ያ ርቀት የጥናቱ ግኝት ነው፤ በሌላ የጽሑፍ ዓይነት ቢቀርብ ኖሮ ይነገረን ነበር እንጂ አይሰማንም ነበር።

የፈጠራ ጽሑፍ ዶክትሬት የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ካልተጻፈ በቀር መልስ የማያገኝ ጥያቄ ይዞ መጻፍ።

ዩኒቨርሲቲ ድርሰትን እንዴት ተቀበለ?

በአገራችን የለመድነው የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት ስለ ድርሰት የሚጠና ነው። ተመራማሪው የአንድን ደራሲ ሥራዎች ወይም የአንድን ዘመን ልቦለዶች ወስዶ ይተነትናል። ድርሰቱን ራሱን እንደ ጥናት መቀበል ግን ሌላ ልማድ ነው፤ ሥር እስኪሰድም ጊዜ ወስዷል።

በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ሥራን ለከፍተኛ ዲግሪ መመረቂያነት እንደሚቀበል ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ነበር። ፖል ኤንግል የተባለ ወጣት ገጣሚ በ1932 ለማስተርስ መመረቂያው የግጥም መድበል አቀረበ፤ መድበሉም በዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ታዋቂው የአዮዋ የደራስያን ዎርክሾፕ በ1936 ተቋቋመ። ቆይቶም ኤንግል የዎርክሾፑ ኃላፊ ሆነ፤ በ1967 ደግሞ ከቻይና ተወላጇ ደራሲ ኒዬ ኋሊንግ ጋር የልዩ ልዩ አገር ጸሐፊዎች የሚሰባሰቡበትን ዓለም አቀፍ ፕሮግራም እዚያው መሠረተ።

አዮዋ ለእኛም ሩቅ አይደለችም። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ወደዚያ ተጉዞ ድርሰት ካጠኑ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» የአማርኛን ልቦለድ አተራረክ በብርቱ የፈተነ ሥራ ነበር። በእንግሊዝኛ የጻፈው «ዘ ተርቲንዝ ሰን» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ወጣ። ዳኛቸው ግን በልቦለድ አልቆመም። በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን አሳትሞ፣ በእጁ የሚሠራውን ነገር በሐሳብ ደረጃም ለማስረዳት ደክሟል። ይህ ጥምረት ወደ ፊት የምንመለስበት ቁም ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር ፈር የቀደደው የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማልከም ብራድበሪና አንገስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የማስተርስ ፕሮግራሙን ሲከፍቱ የመጀመሪያው ተማሪ ኢያን ማክዩዋን ነበር። በ2017 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ካዙኦ ኢሺጉሮም ከዚያው ተመርቋል። ዩኒቨርሲቲው በ1987 በዶክትሬት ደረጃም ማስተማር ጀመረ። በአውስትራሊያ ደግሞ ከ1990ዎቹ ወዲህ ዘርፉ በፍጥነት አደገ። የጽሑፍ ፕሮግራሞች ማኅበር በ1996 ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት «ቴክስት» የተባለውን የምርምር መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ድርሰት እንዴት ምርምር ሊሆን እንደሚችል ለብዙ ዓመታት ክርክር ከተካሄደባቸው መድረኮች አንዱ ይኸው መጽሔት ነው።

ክርክሩን በቀላሉ ለመረዳት የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ምሁር ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ክፍፍል ይረዳል። ስለ ጥበብ መመራመር አለ፤ የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ የሚያደርገው ነው። ለጥበብ መመራመር አለ፤ ልቦለድ ጸሐፊ ስለ አንድ ዘመን ልብስና ምግብ ሲያጠና የሚያደርገው ነው። በጥበብ መመራመርም አለ፤ እዚህ ላይ መሥራቱ ራሱ የማወቂያ መንገድ ይሆናል። ሁለተኛው ጥሩ መጽሐፍ ሊያስገኝ ይችላል፤ ዶክትሬት የሚጠይቀው ግን ሦስተኛውን ነው። መዝገብ ቤት ብዙ መቆየት ብቻውን ልቦለድን ምርምር አያደርገውም።

ድርሰትና ሐተታ

በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የዚህ ዓይነት ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፦ ልቦለድ፣ የግጥም መድበል፣ ተውኔት ወይም የሁሉም ድብልቅ። ሁለተኛው ሐተታው ነው። ጠቅላላው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃላት ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ድርሰቱ ትልቁን ድርሻ፣ ሐተታው አነስተኛውን ይይዛል። በግጥም ከሆነ ሚዛኑ ይለወጣል። በአሜሪካ ደግሞ ዕጩው አስቀድሞ ለሁለት ዓመት ያህል ኮርስ ይወስዳል፤ በሥነ ጽሑፍ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ ከባድ ፈተና ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መመረቂያ ድርሰቱ የሚገባው። እዚያ ኤም ኤፍ ኤ የተባለው የኪነ ጥበብ ማስተርስ ዲግሪ በሙያው የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ዶክትሬት የሚቀጥሉት በተለይ ማስተማርንና ጥልቅ ንባብን ከድርሰት ጋር ማጣመር የሚሹ ናቸው።

ብዙ ዕጩዎች የሚሰናከሉት ሐተታው ላይ ነው። አንዳንዶቹ የልቦለዳቸውን ታሪክ ደግመው ያጠቃልሉበታል። አንዳንዶቹ ከድርሰቱ ጋር የማይገናኝ የንድፈ ሐሳብ ክምር ያቀርቡበታል። ጥሩ ሐተታ ሦስት ነገር ያደርጋል። ድርሰቱ ከየትኛው የጽሑፍ ዘር እንደሚመዘዝና ከቀደሙት በምን እንደሚለይ ያሳያል። ጸሐፊው ወሳኝ ምርጫዎቹን በምን ምክንያት እንዳደረገ ይናገራል፦ ለምን አንደኛ መደብ? ለምን እዚህ ዝምታ? ለምን ሰነዱ እንዳለ ተቀመጠ? በመጨረሻም ከሥራው የተገኘውን፣ ሌላ ጸሐፊ ወይም ተመራማሪ ሊጠቀምበት የሚችለውን ዕውቀት ለይቶ ያወጣል። የድርሰቱን ምስጢር ሁሉ መዘርዘር አይጠበቅበትም። ድርሰቱ በሐተታው ላይ ተደግፎ ብቻ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ድርሰቱ ውስጥ ነው።

ይህ የድርሰትና የሐተታ ጥምረት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱንና አገባቡን አጥንቶ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስና ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል። ሰው ከማይደርስበት ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ተመልሶ አይባልም፤ የሌላ ሰው ቅኔም የራስ ተደርጎ አይቀርብም። ተማሪው የሚመዘነው አዲስ ነገር በመፍጠሩ ነው። በዚያው ጉባኤ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መፍታት፣ ምስጢሩን ማስረዳት ይማራል። መፍጠርና ማስረዳት እዚያ በአንድ ሰው፣ በአንድ ወንበር ሥር የሚገኙ ሙያዎች ናቸው። ተቀኝቶ ማስመስከር ከአዮዋ ውሳኔ ብዙ ዘመን የቀደመ የራሳችን ሥርዓት ነው።

በዘመናዊ ድርሰታችንም ሥራቸውን በሐሳብ የሚያብራሩ ጸሐፊዎች አሉን። አዳም ረታ ታሪኮች እርስ በርስ የሚጠላለፉበትን የአተራረክ ስልቱን «ሕፅናዊነት» ብሎ ሰይሞታል፤ ሐሳቡንም ለአንባቢ አስረድቷል። ስም የተሰጠው ስልት ሌሎች ሊከራከሩበት፣ ሊወስዱትና ሊያሻሽሉት ይችላሉ። ሐተታ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቅርጽ የሚደባለቀው ለምንድን ነው?

ድቅል ቅርጽ ስንል ግጥምን ከዝርው፣ ትረካን ከሰነድ፣ ትዝታን ከትንታኔ፣ ጽሑፍን ከፎቶግራፍ ያዋሐደ ሥራ ማለታችን ነው። ለጌጥ ወይም ለአዲስነት ብቻ የተደባለቀ ቅርጽ ከፈታኞች ፊት አይቆምም። ቅይጡ ከጥያቄው መውጣት አለበት።

በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ የትውልደ ቶቤጎ ካናዳዊቷ ገጣሚ ኤም ኖርቤሴ ፊሊፕ «ዞንግ!» ጎልቶ ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1781 መጨረሻ «ዞንግ» የተባለች የባሪያ ንግድ መርከብ ወደ ጃማይካ ስትጓዝ መርከበኞቹ ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ባለንብረቶቹ «ጭነት ጠፍቶብናል» ብለው የመድን ክፍያ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1783 ለንደን ውስጥ የታየው ክርክር ስለ ነፍስ ግድያ አልነበረም፤ ስለ መድን ገንዘብ ነበር። ስለ ችሎቱ የቀረው የሕግ ዘገባ 500 ያህል ቃላት ብቻ ያሉት ነው። የሞቱት ሰዎች ስም በዚያ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰም።

ፊሊፕ ገጣሚ ከመሆኗ በፊት ጠበቃ ነበረች። ስለዚህ ጉዳይ በዘገባው ቃላት ብቻ ለመጻፍ ወሰነች። ቃላቱን ቆራረጠች፣ በገጹ ላይ በተነች፣ ፊደሎቻቸውን ፈትታ የሌሎች ቋንቋዎችን ቃላት አወጣች። ገጾቹ ሲነበቡ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ዓረፍተ ነገር እየተጀመረ ይሰምጣል። በአንደኛው ክፍል ከገጾቹ ግርጌ መዝገቡ የነፈጋቸውን አፍሪካዊ ስሞች አሰፈረች። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው መጽሐፍ የሕጉን ዘገባ እንዳለ ይዟል፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ የምታብራራበት ረጅም ድርሰትም በመጨረሻ ተያይዟል። ማንም ዩኒቨርሲቲ ሐተታ ጻፊ አላላትም፤ ሥራው ራሱ ጠየቃት። ሰውን ጭነት ያደረገው ያ የሕግ ቋንቋ ስለነበር፣ ምርመራዋም ቋንቋውን በመበተን መካሄድ ነበረበት። የተስተካከለ ትረካ ብትጽፍ ኖሮ ለጭካኔው መልክ ትሰጠው ነበር።

ድቅል ሥራ መደርደሪያ ያምሳል። የክላውዲያ ራንኪን «ሲቲዝን» እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ግጥም ነው፣ ድርሳን ነው፣ ምስል የተቀላቀለበት የዕለት ተዕለት ዘረኝነት መዝገብ ነው ተባለ። በአሜሪካ የብሔራዊ መጽሐፍ ሐያስያን ሽልማት በግጥምም በሒስም ዘርፍ ዕጩ ሆነ፤ አንድ መጽሐፍ በሁለት ዘርፍ ሲታጭ የመጀመሪያው ነበር። በግጥም አሸነፈ።

የእኛን ታሪክ በዚህ መንገድ የመረመረችው መዓዛ መንግሥቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች ነው። መዓዛ የጣልያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለዓመታት ሰብስባለች። በመጽሐፉ ውስጥ ምስሎች በቃላት ብቻ የሚገለጹባቸው አጫጭር ክፍሎች አሉ፤ እንደ ጥንቱ ተውኔት በኅብረት የሚናገር ድምፅም በየመሐሉ ይገባል። ፎቶውን ያነሳው ወራሪው ነው፤ ካሜራው የሚያየው ወራሪው ሊያሳይ የፈለገውን ነው። ጸሐፊዋ ምስሉን እንዳለ ብታትመው የእሱን ዓይን ታውሰን ነበር። በቃል ስትገልጸው ግን የተነሳችውን ሴት ከፎቶው ወሰን አውጥታ ታሳየናለች። ደራሲዋ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ አንስታ እንደዘመተች ከእናቷ የሰማችው ሥራውን ከጀመረች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር። የቤተሰብ አፈ ታሪክ ወደ መዝገብ ሳይገባ ምን ያህል ዘመን ተደብቆ ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የቅርጽ ቅይጥ ለቆዩት ጽሑፎቻችንም ባዕድ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ ንባቡን አስቀምጦ፣ ትርጉሙን ሰጥቶ፣ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምራል፤ መሐል ላይ ታሪክ ይተርካል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም ደራሲው በቅርብ ካየው፣ በኤርትራ ከተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተነስቶ ልቦለድንና የጋዜጠኛ ዘገባን አጋጥሟል።

ከማመልከቻ እስከ ፈተና

አመልካች በመጀመሪያ የሚያቀርበው የድርሰት ናሙናና የምርምር ዕቅድ ነው። ዕቅዱ የልቦለዱን ሴራ መተረክ የለበትም። ጥያቄውን፣ በጥያቄው ላይ እስካሁን የተጻፈውን፣ የሚመረጠውን ቅርጽና የምርጫውን ምክንያት ያሳይ። ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት አማካሪውን መምረጥ ይበጃል። በዚያ ቅርጽ ራሱ የሚጽፍ፣ ሐተታንም ማረም የሚችል ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት አማካሪዎች ይመደባሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የቋንቋው ጉዳይ አስቀድሞ መቋጨት አለበት። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በመደበኛነት ጥናቱን በእንግሊዝኛ ይጠብቃሉ። ድርሰቱ በአማርኛ ተጽፎ ትርጉሙ ጎን ለጎን እንዲቀርብ የሚፈልግ ከመመዝገቡ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዝ። ራስን በራስ መተርጎም ደግሞ ብርቱ የምርምር ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝ ፈተናው ብዙውን ጊዜ በዝግ ክፍል፣ ከአንድ የውስጥና ከአንድ የውጭ ፈታኝ ጋር ይካሄዳል። በአሜሪካ ዕጩው በኮሚቴ ፊት ስለ ጥናቱ ይሟገታል። በአውስትራሊያ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ጽሑፉን ለውጭ ፈታኞች ልኮ የጽሑፍ ግምገማቸውን መቀበል ነው። የትም ይሁን የት ጥያቄው ያው ነው፦ ይህን ለማወቅ ይህ ቅርጽ ለምን አስፈለገ? ካለፉ በኋላም አንድ ጥንቃቄ አለ። የመመረቂያ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ስለሚለቀቁ፣ መጽሐፉን ማሳተም የሚያስብ ሰው ድርሰቱ ለተወሰኑ ዓመታት ሳይለቀቅ እንዲቆይ መጠየቅ ይችላል።

የማን ታሪክ ነው?

የዩኒቨርሲቲ ድርሰት ከግል ድርሰት የሚለይበት አንድ ከባድ ግዴታ የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ሕያው ሰው አነጋግሮ የሚጽፍ ዕጩ ዓላማውን ማስረዳት፣ ፈቃድ መቀበል፣ ማንነትን መሸሸግና ተናጋሪው ሐሳቡን ሲለውጥ መተው ይጠበቅበታል። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል። እኔ ግን የጥናቱ ልብ ይመስለኛል። ከሪያድ፣ ከኩዌት ወይም ከዱባይ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ለእናቶቻቸው የሚልኳቸውን የድምፅ መልእክቶች አስቡ። ሳል፣ ዝምታ፣ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ድግግሞሽ፣ ከኋላ የሚሰማው የአሠሪዋ ጥሪ፤ ይህ ሁሉ ቅርጽ ነው፤ ለተለመደው ልቦለድ አይመችም። ወይም በእግር እስከ ሱዳን ተጉዘው በዚያ በኩል እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን አስቡ፤ በመንገድ የቀሩባቸውን ሰዎች የሚያስታውሱት በአማርኛና በትግርኛ፣ ልጆቻቸው ደግሞ የሚያነቡት በዕብራይስጥ ነው። አንድ ወጥ ትረካ ይህን ስብራት ይሸፍነዋል፤ ድቅል ቅርጽ እንዳለ ሊያሳየው ይችላል። ነገር ግን መልእክቱ የላኪዋ ነው፣ ሐዘኑም የባለቤቱ ነው። ጸሐፊው ለመበደሩ ፈቃድ፣ ለአጠቃቀሙም መልስ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ለዚህ ጥናት የሚያስብ ሰው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ። ጥያቄውን በትንታኔ ብቻ መመለስ የሚችል ከሆነ የተለመደው የሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት ይበቃዋል። መጽሐፉን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ዓመታቱን ለመጽሐፉ ይስጥ፤ ዲግሪ ድርሰትን አያሳምርም። ሳይጽፍ ሊያውቀው የማይችለው፣ ካወቀውም በኋላ ለሌሎች ሊያስረዳ የሚገባው ነገር ካለው ግን ቦታው ይህ ነው።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም የሚቀር ሥራ አለ። ድርሰትን ከነሐተታው ለመመረቂያነት የሚቀበል ግልጽ መመሪያ፣ ጸሐፊም ምሁርም የሆኑ አማካሪዎች፣ ከፈታኞቹ መካከል ቢያንስ አንድ ደራሲ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ ነው። በጀቱ ከባድ አይደለም። ቅኔን ፈጥሮ በማስረዳት የሚያስመርቅ ጉባኤ ለዘመናት ባቆየ አገር፣ አማርኛ ደራሲ በድርሰቱ ለመመራመር ባሕር መሻገር ሊኖርበት አይገባም።